«አበባየሆሽ»፦ ቃሉ ከየት መጣ? ዘፈኑስ ስንት ዘፈን ነው?

የጳጉሜን ዝናብ

ሰላም ለሁላችሁም። ጳጉሜን በገባ ቁጥር ስለ አበባየሆሽ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል፣ መስቀል ሳይደርስ ደግሞ ሳይቋጭ ይረሳል። አንዱ ቃሉ «አበባ አየሁሽ» ነው ይላል። ሌላው «አበባ አየሽ ወይ» የሚል ጥያቄ ነው ይላል። ሦስተኛው «አበባ የሆንሽ»፣ አራተኛው «አበባዬ ሆይ» ይላል። የሁሉም ማስረጃ ግን «እኛ ሠፈር እንዲህ ነው የሚባለው» የሚል ነው፤ በዚህ መንገድ ማንም ማንንም ማሳመን አይችልም።

እዚህ እንድትረዱኝ የምፈልገው ከዘፈኑ ከራሱ በሚወጣ ማስረጃ ነው። ሚዛኑ ምን ይላል? ሰዋስው ምን ይላል? አዝማቹ ከተከታዩ ግጥም ጋር አብሮ የተወለደ ነው ወይስ ኋላ የተገጠመ? ሌላም አለ፦ ባልንጀሮቼ የሚለው ክፍልና «ከብረው ይቆዩ» የሚለው ምርቃት አንድ ዘፈን ናቸው? ለልጆች የሚታተም ትንሽ የዘፈን ደብተር ስለሚዘጋጅ የቃሉ አጻጻፍም መወሰን አለበት።

ቀለም ቆጣሪ

ከቃሉ በፊት ሚዛኑን እንይ። በቃል በሚተላለፍ ግጥም ውስጥ ቃል በቀላሉ ይቀየራል፤ ሚዛን ግን ዜማው ስለያዘው ቶሎ አይለቅም።

አቆጣጠሩን ለማያውቁ፦ የሚቆጠረው ድምፅ እንጂ ፊደል አይደለም። ሳድስ ሆኖ አናባቢ የማይሰማበት ፊደል ከፊተኛው ጋር ተዘግቶ አንድ ቀለም (በአንድ ምት የሚባል የድምፅ ክፍል) ይሆናል። ሁለት አናባቢ ሲጋጠም ደግሞ አንዱ ይዋጣል። «የእንጀራ እናቴ» በጽሑፍ 8 ፊደል ነው። ሲዘፈን ግን «የን–ጀ–ራ–ና–ቴ» ነው፣ 5 ቀለም። «ትቆጣኛለች» 6 ፊደል ሆኖ «ት–ቆ–ጣ–ኛ–ለች» 5 ቀለም ነው። «ባልንጀሮቼ» ሲቆጠር «ባ–ልን–ጀ–ሮ–ቼ» 5፤ «ቁሙ በተራ» 5፤ «ስገባ ቤቴ» 5፤ «ኮከብ ስቆጥር» 5።

ሁለት ሐረጎች ብቻ ይጎድላቸዋል። «እንጨት ሰብሬ» «እን–ጨት–ሰብ–ሬ» 4 ነው። «ኮከብ ቆጥሬ»ም «ኮ–ከብ–ቆጥ–ሬ» 4 ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የግስ ቅርፅ ነው የሚያልቁት፣ የሁለቱንም ጉድለት ዜማው ይሞላዋል፤ አውጪዋ «ጨት»ን ወይም «ከብ»ን ሳብ ታደርግና 5ኛውን ምት ታደርሰዋለች። ይህን ስሕተት ነው ብሎ ቃል ጨምሮ «ማስተካከል» ትልቅ ጥፋት ነው፤ አንዳንድ የሕፃናት መጽሐፍ ላይ «እንጨት ሰብሬ» ወደ ሌላ ቃል የተቀየረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ ሐረጉ 5፣ ሁለት ሐረግ ያለው ስንኝ 5 እና 5 ነው። ይህ በአማርኛ ግጥም «ሰንጎ መገን» የሚባለው ቤት ነው። ቤት የሚመታውም በየሁለተኛው ሐረግ ላይ ነው፦ ተራ/ሠራ፣ አጥር/ስቆጥር፣ ቤቴ/እናቴ። ተቀባዮቹ በየሐረጉ መካከል የሚያስገቡት «ለምለም» 2 ቀለም ስለሆነ ከቤቱ ውጪ ነው የሚቆጠረው።

አሁን «ከብረው ይቆዩ ከብረው» ወደሚለው እንሂድ። «ከብ–ረው–ይ–ቆ–ዩ–ከብ–ረው» 7። «በዓመት ወንድ ልጅ ወልደው» ደግሞ «ባ–መት–ወን–ድ–ልጅ–ወል–ደው» 7። «ሠላሳ ጥጆች አስረው» «ሠ–ላ–ሳ–ጥ–ጆች–አስ–ረው» 7። ሐረጉ አይከፈልም፣ ሁሉም ስንኝ በ«ው» ያልቃል፣ «ለምለም» የሚባል ተቀባይ የለውም። ሚዛኑ ሌላ፣ ቤት አመታቱ ሌላ፣ አቀባበሉም ሌላ ነው። ይህ ሌላ ዘፈን ነው፤ ከአበባየሆሽ ኋላ የሚዘፈን ራሱን የቻለ የምርቃት ዘፈን።

«አደይ የብር ሙዳይ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አውጪዋ 6 ቀለም ትላለች፣ ተቀባዮቹ «ለምለም» ትተው «ኮለል በይ» ይላሉ። ተቀባዩ የተለወጠበት ቦታ የመገጣጠሚያው ቦታ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ፦ ቢያንስ ሦስት ዘፈን ነው፤ የሦስቱንም መነሻ ለየብቻ መፈለግ አለብን። «አበባየሆሽ ከመቼ ጀምሮ አለ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው ሦስት ነገር በአንድ ስም ስለተጠራ ነው።

አዝማቹን በተመለከተ ግን ሚዛኑ አይፈርድም። «አ–በ–ባ–የ–ሁሽ» 5 ነው። «አ–በ–ባ–የሽ–ወይ» 5። «አ–በ–ባ–የ–ሆንሽ» 5። «አ–በ–ባ–ዬ–ሆይ» 5። አራቱም ልክ ናቸው! አራቱም እስከ ዛሬ ጎን ለጎን የቆዩት ለዚህ ነው፤ ከሚዛን የሚወጣ ቢኖር ኖሮ ዜማው ራሱ ይጥለው ነበር።

እንግጫ

ቀለም ቆጣሪ፣ አንድ እርማት። «እደጅ አድራለሁ»ን አልቆጠሩትም። እኔ ስቆጥረው «እ–ደጅ–አድ–ራ–ለ–ሁ» 6 ይሆንብኛል። ይህ ሕጉን አያፈርስም?

ቀለም ቆጣሪ

ጥሩ ዐይተዋል። በጽሑፍ እንዲያ ነው። በአፍ ግን «ለሁ» የሚለው መጨረሻ «ለው» ሆኖ በአንድ ቀለም ይዘጋል፤ በዕለት ንግግርም «እሄዳለሁ» ስንል የምናደርገው ነው። «እ–ደ–ጃድ–ራ–ለው» 5። አውጪዋ «ሁ»ን ለይታ አጥርታ ከዘፈነችው ዘፈኑን ከወረቀት ለመማሯ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀረጻ ስታዳምጡ ይህችን ቦታ ልብ ብላችሁ ስሙ።

ጠብቆ ላልቶ

ሚዛኑ ካልፈረደ ሰዋስው ይፍረድ። አራቱን አንድ በአንድ።

«አበባ አየሽ ወይ»፦ ትርጉሙ ያምራል፤ ጥያቄ ነው፣ «ለምለም» መልስ ይሆናል። ችግሩ የድምፆቹ ተራ ነው። በጥያቄው ውስጥ «ሽ» ቀድሞ «ወይ» ይከተላል። በሚዘፈነው ቃል ግን «ሆ» ቀድሞ «ሽ» መጨረሻ ላይ ነው። ከ«አየሽ ወይ» ወደ «አየሆሽ» ለመድረስ ድምፆቹ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው፤ እንዲህ ያለ ለውጥ በአማርኛ እምብዛም አይታይም። ተቃራኒው ግን በጣም የተለመደ ነው፦ ትርጉሙ የጠፋ ቃል የሰማ ሰው በሚያውቀው ቃል ይጠግነዋል። «አየሽ ወይ» ጥገና እንጂ መነሻ አይመስልም።

«አበባዬ ሆይ»፦ እዚህ የምናነጻጽርበት ጥሩ ምስክር አለን። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ «አንቺ ሆዬ» ይባላል። በዚያ ስም ውስጥ «ሆይ» ጠሪው ቃል ነው፤ የባለቤትነቱ «ዬ» የተቀጠለው በ«አንቺ» ላይ ሳይሆን በ«ሆይ» ላይ ነው። በወንዶቹ ዘፈን በ«ሆያ ሆዬ»ም እንዲሁ። በዚህ ልማድ አበባ ብትጠራ የምንጠብቀው «አበባ ሆዬ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሽ» ደግሞ ከየት መጣች? በጥሪ ውስጥ ሥራ የላትም።

«አበባ የሆንሽ»፦ ከብዙዎች ግምት ይልቅ ጠንካራ ነው። «አበባ የሆንሽ ለምለም» ብትሉት አዝማቹና ተቀባዩ አንድ ሙሉ ሐረግ ይሆናሉ፤ ለምለሟ አበባ ሆናለች ማለት ነው። «ሆ»ም በቦታዋ ናት፣ መለወጥ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልገው «ን» መዋጥ ነው። «ን» ግን እዚህ የግሱ ሥር ናት፤ በ«ሆንሽ»፣ በ«ለመንሽ»፣ በ«ዘፈንሽ» ውስጥ አትዋጥም። በዘፈን ብቻ ዋጥናት ማለት አለብን።

«አበባ አየሁሽ»፦ ሰዋስው ሙሉ ነው። «ሽ» ተሳቢ ናት፤ ተናጋሪዋ አበባዋን በአንስታይ ታናግራለች፣ አማርኛ የሚወደውን ነገር በአንስታይ መጥራት ልማዱ ነው። «ባ» እና «አ» ተዋውጠው አንድ ሆኑ፤ ይህም በየቀኑ የሚሆን ነው። የሚቀረው «ሁ» ወደ «ሆ» መለወጧ ብቻ ነው። በዜማ ረዘም ብሎ የሚያዝ ቀለም ላይ ከንፈር ሲከፈት «ሁ» ወደ «ሆ» ማዘንበሏ ቀላል ነው። ትርጉሙም ከወቅቱ ጋር ይሄዳል፤ አደይ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው የምትታየው። «አየሁሽ» ማለት ደረስሁብሽ፣ ዓመቱን ተሻገርሁ ማለት ነው።

የኔ ፍርድ፦ «አየሁሽ» አንደኛ፣ «የሆንሽ» ሁለተኛ። የሁለቱን ጉዳይ የሚለይ አንድ ፈተና አለ። «አየ» የሚለው ግስ «የ»ው ጠባቂ ነው። አንጻራዊው «የ» (የሆንሽ) ግን ላልቶ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ዘፋኟ «የ»ን ጠበቅ ካደረገችው «አየሁሽ»፣ ካላላችው «የሆንሽ» ጋር ይሄዳል። ፊደላችን ጥብቀት ስለማያሳይ የተጻፈ ግጥም መቶ ጊዜ ብናነብ ይህን አይነግረንም፤ መስማት ግድ ነው። እየዘፈነች ሳለ ግን አትመኑ፣ ምቱ ጥብቀትን ያደበዝዛል። ዘፈኑን ጨርሳ ከቆመች በኋላ ያለ ዜማ፣ በዝግታ፣ ግጥሙን እንደ ንግግር እንድትለው መጠየቅ ነው።

የቃል ሀብት

ጠብቆ ላልቶ ያሉት ፈተና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአጠያየቅ ይበላሻል። በመስክ ከሚፈጠሩ ስሕተቶች ዋነኛው «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጀመር ነው። ሰውየው ትርጉሙን ካብራራ በኋላ ቃሉን የሚናገረው እንዳብራራው ነው፤ «አበባ አየሁሽ ማለት ነው» ያለች ሴት ከዚያ በኋላ «የ»ን ሳታጠብቅ አትልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ዘፈኑ ሙሉውን፣ ሳታቋርጡ። ቀጥሎ ግጥሙ ያለ ዜማ። ከዚያ እንደገና ዘፈኑ። የትርጉም ጥያቄ በመጨረሻ።

ሦስት ጊዜ መቅዳት የግድ ነው። በአንድ ቅጂ የወጣ ልዩነት የረሳችው ይሁን የምታውቀው አይታወቅም። በሦስቱም ከተደጋገመ የእሷ ቅጂ ነው።

ቡድን ሲዘፍን መቅዳት ለዜማው ይጠቅማል፣ ለግጥሙ ግን ይጎዳል። አብረው የሚዘፍኑ ሰዎች ልዩነታቸውን ዋጥ አድርገው ጎላ ያለ ድምፅ ያላትን ይከተላሉ። «ቁሙ በተራ» እና «ግቡ በተራ» የሚሉ ሁለት ሴቶች አንድ ላይ ቢቀረጹ አንዱ ይጠፋል። ስለዚህ ቡድኑን ቅዱ፣ ከዚያ እያንዳንዷን ለብቻ።

ሁልጊዜ የሚረሳ ጥያቄ ደግሞ «ማን አስተማረሽ?» ነው። እናት? ታላቅ እህት? መዋዕለ ሕፃናት? ቴሌቪዥን? ዛሬ ብዙ ልጅ ከተቀረጸ ሙዚቃ ነው የሚማረው፤ እንዲህ ያለው ቅጂ ስለ ቀረጻው እንጂ ስለ አካባቢው አይመሰክርም። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በገጠር ያደጉ ሴቶች ቅድሚያ ይኑራቸው፤ ጊዜ አይጠብቅልንም።

የመሣሪያውን ነገር ባጭሩ፦ ስልክም ይበቃል፤ ነገር ግን በዋቭ ቅርጽ፣ በ48 ኪሎኸርዝ ቅዱ፣ በአንድ ሜትር ርቀት። ፋይሉን በቴሌግራም እንደ ድምፅ መልእክት ከላካችሁት ይጨመቅና ጥብቀትን የምንለይበት ጥራት ይደበዝዛል፤ እንደ ሰነድ ላኩት። የፋይሉ ስም ላይ ቀን፣ ወረዳ፣ የዘፋኟ ዕድሜ ይኑር፤ ስሟን በፈቃዷ ብቻ፣ በተለየ መዝገብ።

ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት ጨርሱ። በበዓሉ ዕለት መቅዳት ደስ ይላል፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ግጥም አይናገርላችሁም።

እንግጫ

ስለ ቃሉ ብዙ ተባለ። እኔ ወደ ሣሩ ልመልሳችሁ።

አበባየሆሽን ከአደይ ጋር ብቻ አያይዘን ከተመለከትነው ግማሹን እናጣለን። በጎጃምና በአካባቢው የዘመን መለወጫ ዋዜማ የልጃገረዶች ሥራ እንግጫ ነቀላ ነው። እንግጫ በእርጥብ መስክ የሚበቅል ሣር ነው፤ አይታጨድም፣ ይነቀላል፣ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጎናል። አበባው ቢጫ፣ ሣሩ አረንጓዴ። አውጪዋ «አበባ» ስትል ተቀባዮቹ «ለምለም» የሚሉት እጃቸው ላይ ያለውን ነው፤ አንዱ አበባው፣ አንዱ ሣሩ። ይህ ለጠብቆ ላልቶ «አበባ የሆንሽ ለምለም» ክርክር ጥቂት ክብደት የሚጨምር ይመስለኛል፣ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጉንጉን ውስጥ ስለሆኑ።

አሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሂዱ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይከበራል። ልጃገረዶች ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አሥረው ቤት ለቤት ይዘፍናሉ፣ ይመርቃሉ፣ ስጦታ ይቀበላሉ። ሻደይ የሚለው ቃል በኽምጣኛ ለምለም ማለት እንደሆነ ይነገራል። ልጃገረዶች፣ ለምለም ሣር፣ ቤት ለቤት፣ ምርቃት፣ የክረምት መውጫ፤ አምስቱም ነገሮች በእንቁጣጣሹ ዘፈን ውስጥ አሉ። የቀን ልዩነቱ ሃያ ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መነሻውን የሚፈልግ ሰው «አበባየሆሽ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ከሄደ ዘመዶቹን አልፏቸው ይሄዳል። ቃሉ አማርኛ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ከአንድ ቋንቋ ይሰፋል።

ሌላ የቅርብ ዘመድም አለ፦ «እቴ አበባሽ»።

የጳጉሜን ዝናብ

«እቴ አበባሽ ስትለኝ ከርማ፣ ጥላኝ ሄደች ባምሌ ጨለማ» የሚለውን ነው? እሱም የእንቁጣጣሽ ነው? ቀለም ቆጣሪ ሚዛኑን ቢያዩልን።

ቀለም ቆጣሪ

«እ–ቴ–አ–በ–ባሽ» 5፣ «ስ–ት–ለኝ–ከር–ማ» 5። «ጥ–ላኝ–ሄ–ደች» 4፣ በዜማ ይሞላል፤ «ባም–ሌ–ጨ–ለ–ማ» 5። ያው ሰንጎ መገን። ሚዛኑ ከባልንጀሮቼ ጋር አንድ ነው፤ የአንዱን ግጥም በሌላው ዜማ መዝፈን ይቻላል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ስንኞች ይዋዋሳሉ፣ ስለዚህ በሁለቱም ውስጥ አንድ ስንኝ ብታገኙ አትደነቁ፣ ግን የት እንደሰማችሁት መዝግቡ።

ሰንጎ መገንነቱ ብቻውን ዝምድና አያረጋግጥም፤ ብዙ የአማርኛ ግጥም በዚህ ቤት ነው። ከሆያ ሆዬ ጋር ሲነጻጸር ግን ይናገራል። «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል» ብላችሁ ቁጠሩ፦ «እዝ–ያ–ማ–ዶ» 4፣ «ጭስ–ይ–ጨ–ሳል» 4። የራሱ ስም ያለው ቤት ነው፣ «ቡሄ በሉ» ይባላል። ሰዎች አበባየሆሽን «የሴቶች ሆያ ሆዬ» ሲሉ ይሰማል፤ አገልግሎቱ ይመሳሰላል፣ አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለት ግን አይቻልም። አንደኛው በ4 ይረግጣል፣ ሌላኛው በ5።

ጠብቆ ላልቶ

«እቴ አበባሽ» ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ «አበባሽ» ውስጥ ያለችው «ሽ» የባለቤትነት ናት፤ «እቴ፣ ያንቺ አበባ»። በቀጣዩ ሐረግ «አበባዬ» ይመጣል። ያንቺ፣ የኔ፣ እየተቀባበሉ። አንድ ማኅበረሰብ ሁለቱንም ዘፈኖች በአንድ ወቅት የሚዘፍን ከሆነ የአንዱ «ሽ» በሌላው ላይ ተጽዕኖ ማድረጓ የሚጠበቅ ነው። ለ«አበባዬ ሆይ» ወገን ተከራካሪ ብሆን ኖሮ የማነሣው ክርክር ይህ ነው፤ ያቺ ያለ ቦታዋ የመጣች «ሽ» ከእቴ አበባሽ ተውሳ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ «ሥራ የላትም» ያልኩትን ትንሽ አላላዋለሁ፣ ፍርዴን ግን አልቀይርም።

መዝገብ አገላባጭ

የጽሑፍ ማስረጃ ፍለጋውን በተመለከተ የምመክረው ከመዝገበ ቃላት መጀመር ነው፤ ዘፈን የማይጽፍ ዘመን እንኳ ቃል ይመዘግባል። የኢዘንበርግ በ1841 እ.ኤ.አ.፣ የአንቷን ዳባዲ በ1881፣ የጉዊዲ በ1901፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። በአራቱም ውስጥ «አደይ»፣ «እንግጫ»፣ «እንቁጣጣሽ»፣ «ለምለም»፣ «ሙዳይ» የሚሉትን ፈልጉና ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቡ፤ የዘፈን ስንኝ ብዙ ጊዜ ተሸሽጎ የሚገኘው በምሳሌ ውስጥ ነው። አንድ ቃል በመዝገቡ ባይገኝ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ከተገኘ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ አለመፈጠሩ ተረጋገጠ። በላቲን ፊደል የተገለበጠ ካገኛችሁ ደግሞ ጥብቀቱ ተለይቶ እንደሆነ እዩ፤ ጠብቆ ላልቶ የሚፈልጉት ማስረጃ ያ ነው።

ቀጥሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የቃል ግጥም የሰበሰቡ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች አሉ። በ«አበባየሆሽ» ስም ብቻ አትፈልጉ፤ «የልጃገረዶች ጨዋታ»፣ «ዘመን መለወጫ»፣ «እንግጫ»፣ እንዲሁም በአውራጃ ስም ፈልጉ። ሰብሳቢዎች ዘፈኑን በአርእስት ላይ አያወጡትም።

ሁለት ወጥመዶች ልብ በሉ። አንደኛው የዘመን ልዩነት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ከአውሮፓው ያለን ልዩነት 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ዘፈኑ የመስከረም 1 ስለሆነ ትክክለኛው 7 ነው፤ በደፈናው 8 የሚቀንስ ሰው ቀረጻውን አንድ ዓመት ያስረጀዋል። መስከረም 1 ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓው መስከረም 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን 12 ነው፣ እንደ 2016 ዓ.ም. መባቻ። አንድ የፎቶ ወይም የድምፅ ማኅደር ላይ 12 ተጽፎ ብታዩ ዓመቱን ከማጣጣላችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። «እንቁ ለጣጣሽ» የሚለው ትርጓሜ የበዓሉን ስም ለማስረዳት የሚነገር ነው። የዘፈኑን ግጥም ብታነቡ ንግሥት የለችም፣ እንቁ የለም፣ መርከብም የለም። ያለው ባልንጀራ፣ እንጨት፣ አጥር፣ ኮከብ፣ የእንጀራ እናት ነው። የበዓሉን ስም መነሻ በዘፈኑ ላይ መጫን ሁለቱንም ያበላሻል።

የቃል ሀብት

መዝገብ አገላባጭ በመጨረሻ ያነሱት ልብን የሚነካ ነው። እስኪ ባልንጀሮቼን ጠጋ ብለን እንየው። ባልንጀሮቿን ተራ አስይዛ እንጨት ሰብራ ቤት ልትሠራ ትነሣለች። ወዲያው «እንኳን ቤትና የለኝም አጥር» ትላለች። አጥር እንኳ ስለሌላት ደጅ ታድራለች፣ ኮከብ ትቆጥራለች። ኮከብ ቆጥራ ስትገባ የእንጀራ እናቷ ትቆጣታለች። ይህ የእናት አልባ ልጅ እንጉርጉሮ ነው፤ በደስታ ዜማ፣ በዓመቱ አስደሳች ቀን የሚዘፈን።

ግጥሙ ሰንሰለት ነው። ቤት በሚለው ያልቃል፣ በቤት ይቀጥላል። «ኮከብ ስቆጥር» ይልና «ኮከብ ቆጥሬ» ብሎ ያነሣዋል። እንዲህ ያለ ግጥም ስንኝ ሲሰረቅበት ወይም ሲጨመርበት ያስታውቃል፤ ቀለበቱ ይበጠሳል። በምትሰበስቡት ቅጂ ሁሉ ከእንጀራ እናቴ በኋላ ያለውን በጥንቃቄ ያዙ፤ አካባቢዎች በጣም የሚለያዩት እዚያ ነው። አንዳንዱ እዚያው ይቆማል፣ አንዳንዱ የእንጀራ እናቷንና የልጆቿን ነገር ይቀጥላል። ቀለበቱን የጠበቀው ቅጂ ቀዳሚ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

ሌላም ቀለበት የሌለበት ቦታ አለ፤ ከአዝማቹ ወደ ባልንጀሮቼ የሚገባበት። በ«አበባ» እና በ«ባልንጀሮቼ» መካከል የሚያያይዝ ቃል የለም። አዝማቹ በሌላ ግጥም ፊት ሊቆም ይችል ነበር ማለት ነው። የእንጀራ እናት እንጉርጉሮው ከዓመት በዓል ውጪ፣ በወፍጮ ቤት ወይም በእረኝነት ሲዘፈን ብትሰሙ «ለምለም» እየተባለበት እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ። ያለ «ለምለም» ከተገኘ እንጉርጉሮው ወደ በዓሉ የመጣ እንግዳ ነው።

«ቁሙ በተራ» እና «ግቡ በተራ»ም በዚሁ ዐይን ይታዩ። «ቁሙ» ጨዋታውን ያሰልፋል፤ አውጪዋ ለእውነተኞቹ ጓደኞቿ የምትሰጠው ትእዛዝ ነው። «ግቡ» ግን ወደሚሠራው ቤት ያመለክታል፣ ከግጥሙ ውስጥ ነው። ሚዛናቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱም ይዘልቃሉ።

የጳጉሜን ዝናብ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱን ክፍሎች በደብተሩ ላይ በሦስት አርእስት እንለያቸዋለን፤ «ቁሙ»ንም «ግቡ»ንም እንጽፋለን። የቀረው የአዝማቹ አጻጻፍ ነው። ቀረጻዎቹ እስኪሰበሰቡ ምን እንጻፍ?

ጠብቆ ላልቶ

«አበባየሆሽ» ብላችሁ በአንድ ቃል፣ ያለ ክፍተት ጻፉት። እንዲህ ሲጻፍ ለማንኛውም ወገን አይፈርድም፤ «አበባ አየሁሽ» ብላችሁ ከከፈላችሁት ልጆቹ እንደተጻፈው ይዘፍኑታል፣ ከዚያም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቀዳ ሰው የናንተን ደብተር ነው የሚቀዳው። በ«የ» ጻፉት፣ በ«ዬ» አይሁን፤ «ዬ» ለ«አበባዬ» ይፈርዳል።

በመምህሩ ቅጂ ላይ ብቻ፣ እንደየቀረጻው ውጤት፣ «የ» ስትጠብቅ ከራሷ በላይ የጥብቀት ነጥቦቹን አድርጉ፤ በዩኒኮድ ውስጥ ለዚሁ የተመደበ ምልክት አለ። ከመታተሙ በፊት ግን በወረቀት ላይ አንድ ገጽ አውጥታችሁ እዩት፤ አንዳንድ የፊደል ቅርጾች ምልክቱን አይይዙም፣ ነጥቦቹን ወደ ጎን ወይም ወደሚቀጥለው «ሆ» ይገፏቸዋል። ያኔ አንባቢው የጠበቀችው «ሆ» ናት ብሎ ያነባል።

ቀለም ቆጣሪ

«እንጨት ሰብሬ» ላይም ቃል አትጨምሩ። ለመምህሩ ከ«ጨት» ቀጥሎ ትንሽ ሰረዝ ይበቃል፣ እዚያ ጋ እንደሚሳብ እንዲያውቅ።